አከርካሪዬ፣ ኢድሪስና አራቱ ተዋጊዎች

መጀመሪያ ያመመኝ ጣቃ ሳወርድ ነው። ጅቡቲ ከተማ፣ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ባለችው የጨርቅ ሱቃችን ውስጥ አንዲት ደንበኛ ለሠርግ ቀሚስ የሚሆን ስስ ቢጫ ጨርቅ ጠየቀችኝ። ከላይኛው መደርደሪያ ስስበው ጀርባዬ ላይ፣ ከትከሻ አጥንቶቼ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ የሆነ ነገር ቆነጠጠኝ። ሴትዮዋ እስክትሄድ ፈገግ እያልኩ ጨርቁን ለካሁላት፤ ስትወጣ ባንኮኒውን ይዤ ቆምኩ።

የበሽታው መጀመሪያ ያ ቀን እንዳልነበር አሁን አውቃለሁ። ከዚያ በፊት ሁለት ወር ያህል ምግብ አስጠልቶኝ፣ ቀሚሶቼ ሰፍተውኝ ነበር። ምሽት ላይ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ሰውነቴ ይግላል፤ ጠዋት ስነሳ ትራሴን በላብ ርሶ አገኘዋለሁ። ግን ጅቡቲ ውስጥ፣ በሐምሌ፣ "አላበኝ" ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው አለ? ሁሉም ያልበዋል። ስለዚህ ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈውም እንደኔ ዝም ላለ ሰው ነው።

ዘሃራ እባላለሁ። ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ፣ በትዳር ወደ ጅቡቲ ከመጣሁ ስድስት ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ። የባለቤቴ የኢድሪስ አባት የድሬዳዋ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱ ግን እዚሁ ተወልዶ በፈረንሳይኛ የተማረ ነው። ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር ከእናቱ ከእማ ሐሊማና ከአራት ዓመቷ ልጃችን ከራህማ ጋር እንኖራለን። ለገበያ የሚሆን ሶማልኛ አላጣም። ፈረንሳይኛ ግን ከሰላምታ አላልፍም ነበር፤ ሐኪም ቤት ስንሄድ የሚናገርልኝም የሚሰማልኝም ኢድሪስ ነበር።

ሕመሙ በሳምንት ይለቃል ያልኩት ወር አለፈው። ፋርማሲ ሄጄ ቅባትና ማስታገሻ ገዛሁ። አልሆነም። ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ሽንቴን መርምረው "ኩላሊትሽ ቆስሏል" አሉኝና አሥር ቀን የሚዋጥ መድኃኒት ሰጡኝ። ጨረስኩት፤ ጀርባዬ እንደነበረ ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ትኩሳቱን ሲሰሙ ደሜን አዩና ታይፎይድ ነው አሉ። ያንንም ዋጥኩ። ሦስተኛው ቦታ ራጅ አነሱኝ፤ ፊልሙን ወደ መብራት ከፍ አድርገው አዩትና "አጥንቷ ደህና ነው፤ ጡንቻ ነው፤ ትረፍ" አሉ።

እማ ሐሊማ በዚህ መሃል ሰው ያመሰገነላቸው አንዲት ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ። ሴትዮዋ ደግ ናት፤ ክፋት አልነበራትም። በሰሊጥ ዘይት አሸች፣ አሸችና በሁለቱ አውራ ጣቶቿ የሚያመኝን ቦታ ተጫነችው። እኔ ስወልድ እንኳ እንደዚያ አልጮህኩም። ሁለት ቀን መቀመጥ አቃተኝ። እማ ሐሊማ እስከ ዛሬ ያንን ቀን ሲያነሱ ድምፃቸው ይሰበራል። ጀርባችሁን የሚያማችሁ ሰዎች፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ማንም እንዲጫነው አትፍቀዱ። ይህን ብቻ እንኳ ከኔ ያዙ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ከሦስተኛው ሐኪም ስንመለስ ኢድሪስ መንገድ ላይ፣ "ዘሃራ፣ ምናልባት ሐሳብ ይሆን?" አለኝ። "አገርሽ ናፍቆሽ፣ ወይ ሱቁ ሰልችቶሽ።"

በክፋት አላለውም። ሦስት ሐኪሞች አይተዋት ያልተሻላት ሚስቱ ምግብ የማትበላና ሌሊቱን የምታቃስት ስትሆን ሌላ ምን ይበል? እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ "አመመኝ" ማለት ተውኩ። ሱቅ ውስጥ ስጎነበስ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ እሱ ሲገባ ቀና እላለሁ። መደበቅን የተማርኩት ያን ጊዜ ነው።

እውነቱ የወጣው ራህማን ከመታጠቢያ ቤት አንስቼ ላወጣት ስል ነው። ጉልበቴ ከዳኝና ልጄን ይዤ ግድግዳው ላይ ተንሸራትቼ ተቀመጥኩ። ራህማ አልተጎዳችም። እኔ ግን መነሳት አልቻልኩም። ኢድሪስ ከሱቅ ተጠርቶ መጣና ሲያነሳኝ ምን ያህል እንደቀለልኩ ያን ጊዜ አወቀ። ፊቱን አየሁት። በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ትልቁ ሆስፒታል ወሰደኝ።

እዚያ ከጠዋት እስከ ቀትር ጠበቅን። ወንበሮቹ በአንድ ብረት ላይ የተያያዙ የፕላስቲክ ወንበሮች ናቸው፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው ሁሉ ይናጣል። ሰው በተነሳና በተቀመጠ ቁጥር ሕመሙ እስከ ጥርሴ ይደርሳል። ጥግ ላይ ከዘራ የያዙ አንድ የአፋር ሽማግሌ ነበሩ። ሲያዩኝ ቆዩና ከዘራቸውን አንስተው ለረድፉ ሁሉ የሆነ ነገር ተናገሩ። ምን እንዳሉ ቋንቋቸውን ባላውቅም ወዲያው ገባኝ፤ ስምንት ሰው ባለበት ጸጥ አለ። አንዲት ሴት ተራዋ ሲደርስ እንኳ ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ቀስ ብላ ነው የተነሳችው። እኒያን ሰውዬ ዳግም አላገኘኋቸውም። በየሶላቴ ዱዓ አደርግላቸዋለሁ።

ሐኪሙ ከምዕራብ አፍሪካ ለሥራ የመጣ፣ ከፈረንሳይኛ ሌላ የጋራ ቋንቋ የሌለን፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የአከርካሪዬን አጥንቶች ከአንገቴ ጀምሮ አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ወረደ። አንዱ ጋ ሲደርስ ሳልፈልግ እንባዬ መጣ። እጁን አነሳና ኢድሪስን ጠየቀው፤ ኢድሪስም ወደኔ ዞሮ፣ "ማታ ማታ ያልብሻል? ከስተሻል?" አለኝ። ከስንት ወር በኋላ ስለ ላቤ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ይህ ሐኪም ነው።

በትልቅ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ምስል አነሱኝ፤ ከጀርባዬም በመርፌ ናሙና ወሰዱ። መልሱ ሲመጣ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶቼ ተበልተዋል፤ በአጠገባቸውም መግል ተቋጥሯል። ቲቢ ነው። ቲቢ የሳንባ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ አንድም ቀን አልሳልኩም። ለካስ አጥንትም ይበላል፤ ቀስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ። ሳንባዬ ንጹሕ ስለሆነ ወደ ሰው እንደማላስተላልፍ፣ መድኃኒቱም በነጻ እንደሚሰጥ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሳላቋርጥ ከዋጥኩ እንደምድን ኢድሪስ ተረጎመልኝ። ሐኪሙ ከዚያ በኋላም ረዘም አድርጎ ተናግሯል። ኢድሪስ ግን "በቃ ይኸው ነው" አለኝ።

አመናችሁም አላመናችሁም፣ የበሽታዬ ስም በመታወቁ ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ገባሁ። ሐሳብ አልነበረም።

ሕክምናው ሦስት ወር በጀርባ መተኛት ነበረበት። ለመጸዳዳትና ለመታጠብ ብቻ፣ ያውም ደረትና ወገብ የሚያጠብቅ ጠንካራ ቀበቶ ታጥቄ ነው የምነሳው። ጠዋት በባዶ ሆድ እፍኝ ሙሉ ክኒን እውጣለሁ። ሽንቴ እንደ ሻይ ቀላ፤ ማንም ስላልነገረኝ ደም መስሎኝ አለቀስኩ። የመድኃኒቱ ቀለም ነው፤ አትደንግጡ። ራህማ ላቅፋት እንደማልችል ሲነገራት ትንሽ አሰበችና አልጋው ላይ ወጥታ እንደኔ በጀርባዋ ተኛች፤ እጆቿንም እንደኔ ደረቷ ላይ አደረገች። ጎን ለጎን ጣሪያውን እናያለን።

ጎረቤት ሊጠይቀኝ ሲመጣ ቲቢ የሚለውን የሰማ ወንበሩን ወደ በሩ ይስባል። አንድ ቀን አንዲት ጎረቤታችን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስታወራኝ እማ ሐሊማ አዩዋት። የጀመርኩትን የማንጎ ጭማቂ ከእጄ ተቀብለው፣ ሴትዮዋን እያዩ፣ እስከ መጨረሻው ጠጡት።

ፍርሃቱ ግን ሰው ሲሄድ ነው የሚመጣው። በተለይ ከቀትር በኋላ። እዚህ ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ከተማው ይዘጋል፤ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት ያስገባዋል። እማና ራህማ ይተኛሉ። እኔ ቀኑን ሙሉ ስተኛ ስለምውል እንቅልፍ የለኝም። ብሞት ራህማን ማን ያበጥራታል እያልኩ የጣሪያውን ማራገቢያ አያለሁ።

ኢድሪስ በዚያ ሰዓት ሳሎን ቁጭ ብሎ ላፕቶፑ ላይ ጌም ይጫወታል። ከተጋባን ጀምሮ የማልወድለት ነገር ነው፤ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው፣ ልጅ ያለው። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ ዓይኔ ተገልጦ ሲያገኘኝ ወጥቶ ሄደ። ሁለት የጨርቅ ካርቶንና አንድ የመደርደሪያ ጣውላ ይዞ ተመለሰ። ካርቶኖቹን በአልጋው ግራና ቀኝ አቆመ፣ ጣውላውን በላዬ አጋደመ፣ ላፕቶፑን በገመድ አስሮ ወደ ፊቴ አዘነበለው። ማውሱን ከዳሌዬ አጠገብ አደረገልኝ።

"ቢወድቅብኝስ?" አልኩት።

"ጣቃ የምናስርበት ቋጠሮ ነው። አይወድቅም።"

ጨዋታውን እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። አራት ተዋጊዎች ከመሬት በታች ወዳለ ዋሻ ይወርዳሉ። በየክፍሉ አውሬ አለ። እነሱን የሚያዋጋቸው ጨዋታው ራሱ ነው፤ አንቺ አትዋጊም። አንቺ ከኋላቸው የምትከተል ፈዋሽ ነሽ። የእያንዳንዳቸው ነፍስ በአረንጓዴ መስመር ይታያል፤ ሲቆስሉ መስመሩ ያጥራል፤ የአንቺ ሥራ ማን እንደቆሰለ አይቶ መድረስ ነው። ጉልበትሽ ውስን ስለሆነ ለሁሉም በአንዴ አይበቃም። አራቱም ከሞቱ ጨዋታው ያልቃል። ስትመለሺ ክፍሎቹ ተለዋውጠው፣ አውሬዎቹ ሌላ ሆነው ይጠብቁሻል።

የመጀመሪያ ቀን ሦስተኛው ክፍል ላይ አለቁብኝ።

"ሞቱ?" አልኩት።

"ሞቱ።"

"በኔ ጥፋት ነው?"

"በኔም እዚያው ይሞታሉ" አለኝ። "አሁን ከመጀመሪያው ክፍል እንጀምራለን። ግን ባዶ እጅሽን አትመለሺም፤ ይኸው፣ ካገኘሽው ትንሽ ነገር ይቀርልሻል። በሱ አዲስ ፈውስ ትማሪያለሽ።"

እንደገና ጀመርን። ከተማው እስኪነቃ ድረስ አምስት ጊዜ ሞቱብኝ፤ እኔ ግን ማራገቢያውን አንድ ጊዜም አላየሁም።

በየቀኑ ቀትር የኛ ሰዓት ሆነ። ለተዋጊዎቹ ስም አወጣንላቸው። ጋሻ የያዘው ግዙፉ "ግድግዳው"፣ ቀስት የምትወረውረው "ቀጭኗ"፣ በትር የያዙት ባለ ነጭ ጺም "ሼኹ"፣ መጥረቢያ ይዞ ማንም ሳያዘው ቀድሞ የሚገባው ደግሞ "ችኩሉ"። ጽሑፉ ሁሉ ፈረንሳይኛ ስለሆነ ኢድሪስ እየተረጎመልኝ ቃላቱን ለመድኩ። "ስዋን" ፈውስ ነው። "ብሌሲዩር" ቁስል ነው። አንዳንዴ አንዱ ተዋጊ ላይ "ፓራሊዚ" የሚል ቢጫ ጽሑፍ ይወጣል።

"ይኼ ምንድነው?" አልኩት።

"ሰውነቱ ደርቆ ቀረ ማለት ነው። መንቀሳቀስ አይችልም። ይኼ ሲወጣ ሌላውን ሁሉ ተይና መጀመሪያ እሱን አድኝ፤ ሦስት ጊዜ እስክትተነፍሺ ካልደረስሽ ያልቃል።"

እማ ሐሊማም መጀመሪያ "ይኼ የጂን ጨዋታ ነው" ብለው ከበሩ ተመለሱ። በሳምንቱ ወንበር ይዘው መጡ። አውሬዎቹን አይወዱም፤ ተዋጊዎቹን ግን እንደ ጎረቤት ልጆች ነው የሚያውቋቸው።

"ቀጭኗ ደም ፈሰሳት፤ አየሻት?" ይሉኛል። "ያንን ችኩል ተይው ልጄ፣ በገዛ እጁ ነው።"

"እማ፣ እሱ ከሞተ ሌሎቹም አይተርፉም።"

"እንግዲያስ አድኚውና ምከሪው።" ትንሽ ቆይተው ደግሞ "አንቺስ የትኛዋ ነሽ?" አሉኝ።

ከታች ጥግ ያለችውን አምስተኛ መስመር አሳየኋቸው። ከግማሽ በታች ወርዳ ቀይ ሆናለች።

"እህ" አሉ እማ ሐሊማ፣ "ታዲያ ይቺን ማን ነው የሚያያት?"

ስክሪን እያዩ ማውራት ፊት ለፊት ተያይቶ ከማውራት ይቀላል። በስድስት ዓመት ያልተነጋገርነውን ከኢድሪስ ጋር በዚያ ጣውላ ሥር ተነጋገርን። አባቱ ሲታመሙ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ በግልጽ እንደነገራቸው፣ እሳቸውም ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ምግብ አልቀምስ ብለው እንደሞቱ ነገረኝ። ያን ጊዜ ከራሴ ጋር አላገናኘሁትም። ሌላ ቀን ደግሞ፣

"ያን ጊዜ 'ሐሳብ ይሆን' ያልኩሽን ታስታውሻለሽ?" አለኝ።

"አላስታውስም።"

"ታስታውሻለሽ።"

"ግድግዳው መርዝ ተረጨበት፤ ቆይ" አልኩት። ግድግዳውን አዳንኩት። ከዚያ እጁን ፈልጌ ያዝኩት።

እንግዲህ ጥፋቴ ከዚህ በኋላ ነው። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ግራ እግሬ መደንዘዝ ጀመረ። መጀመሪያ ጣቶቼ፣ ከዚያ ውስጥ እግሬ። አንድ ጠዋት ከመታጠቢያ ቤት ስመለስ አንዱ ነጠላ ጫማዬ ከእግሬ ወልቆ ኮሪደሩ ላይ ቀርቷል፤ መውለቁን አላወቅኩም። ዞር ብዬ ሳየው ፈራሁ። ግን ትኩሳቱ ጠፍቷል፣ መብላት ጀምሬያለሁ፣ ኢድሪስ መሳቅ ጀምሯል። በመተኛት ብዛት ነው አልኩና ዝም አልኩ። ሁለት ሳምንት።

የቀጠሮው ቀን ሆስፒታሉ ከመቼውም በላይ ተጨናንቆ ነበር። ሐኪሙ የደም ውጤቴን እያየ ኢድሪስን ይጠይቃል፣ ኢድሪስ እኔን።

"እግርሽ ደህና ነው? ድካም፣ መደንዘዝ የለም?"

"ደህና ነው" አልኩ።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ኢድሪስን እያየ ቀስ ብሎ ተናገረ። በመሃሉ አንድ የማውቀውን ቃል ሰማሁ። ኢድሪስ ራሱን ነቀነቀና ወደኔ ዞረ።

"መድኃኒቱን ቀጥዪ ነው የሚለው። ጎበዝ ነሽ ይላል።"

ታክሲ ተሳፈርን። ከሆስፒታሉ ርቀን ገበያው ጋ እስክንደርስ ድረስ ያ ቃል ጆሮዬ ውስጥ አለ።

"ሐኪሙ ሌላ ምን አለ?"

"ሌላ የለም።"

"ፓራሊዚ ሲል ሰማሁት።"

ኢድሪስ ወደ መስኮቱ ዞረ።

"ቃሉን ያስተማርከኝ አንተ ነህ" አልኩት። "ሌላውን ሁሉ ተይና መጀመሪያ እሱን አድኝ ብለኸኛል።"

ሲናገር ድምፁ እንደ ልጅ ሆኗል። "እግሯ ከደከመ ወይም ከደነዘዘ በዚያው ቀን አምጣት፤ ካለዚያ ሽባ ሆና ልትቀር ትችላለች ነው ያለው። መጀመሪያ ቀንም ብሎኛል። እንዳባቴ ፊትሽን ወደ ግድግዳ ታዞሪያለሽ ብዬ ፈራሁ። ደግሞ እግሬ ደህና ነው ስትይ..."

"እግሬ ደህና አይደለም።"

ዞሮ አየኝ።

"ሁለት ሳምንት ሆነው። ጫማዬ ሲወልቅ አይታወቀኝም። ስትስቅ ሳይህ ልነግርህ አልቻልኩም።"

መጮህ ሲገባው አልጮኸም። እኔም አልወቀስኩትም። ጎን ለጎን ተኝተን አንድ በሽታ ለሁለት ከፍለን ስንደብቅ ከርመናል፤ እሱ ግማሹን፣ እኔ ግማሹን። ሁለቱ ግማሾች ቢገናኙ ኖሮ ሐኪሙ ከሁለት ሳምንት በፊት ያውቅ ነበር። ወደ ሾፌሩ ጎንበስ ብዬ በሶማልኛ፣ "ወንድሜ፣ ወደ ሆስፒታሉ መልሰን" አልኩት። ሾፌሩ በመስታወቱ አንድ ጊዜ አየንና አዞረ።

ሐኪሙ ተራችንን ሳይጠብቅ አስገባን። እግሬን በመርፌ ጫፍ ነካካው፤ ሲነካኝ አያለሁ እንጂ አይሰማኝም። እንደገና ማሽን ውስጥ ገባሁ። የተቋጠረው መግል አብጦ ወደ እግር የሚወርደውን የነርቭ ገመድ ተጭኖታል። በማግስቱ ጠዋት በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት ተባለ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሙ ሊያስረዳን ሲመጣ ኢድሪስን፣ "አንዲት ቃል እንዳታስቀር" አልኩት። አላስቀረም። አደጋውን ተረጎመ፤ እግሬ ላይመለስ እንደሚችል ተረጎመ፤ ማደንዘዣው የሚያመጣውን ተረጎመ። ሐኪሙ ጉሮሮውን ሲጠርግ "ጉሮሮውን ጠረገ" አለኝ። ሳቅኩ። ኢድሪስም ሳቀ። ሐኪሙ ምን እንደሚያስቀን ሳያውቅ አብሮን ሳቀ። ያን ሁሉ አስፈሪ ነገር ከሰማሁ በኋላ፣ ከመስማቴ በፊት ከነበርኩት ይልቅ ቀለለኝ። ከዚያ በኋላ የማላውቀው ነገር አልቀረማ። ፊቴንም ወደ ግድግዳ አላዞርኩም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በአራተኛው ቀን አንዲት ነርስ አንሶላውን ስታስተካክል የግራ አውራ ጣቴ ላይ ቅዝቃዜ ተሰማኝ። እጇ እርጥብ ነበር። "ደግመሽ ንኪኝ" አልኳት። ደግማ ነካችኝ። ኢድሪስ ኮሪደሩ ላይ ከእናቱ ጋር በስልክ ያወራ ነበር፤ ጠርቼ አሳየሁት፤ ጣቴ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ተንቀሳቀሰች። ስልኩን ሳይዘጋው ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ከስልኩ ውስጥ እማ ሐሊማ "ምን ሆነች? ምን ሆነች?" ሲሉ ይሰማል።

ከዚያ በኋላ ያለው በአንድ ቀን የሆነ አይደለም። ቀበቶዬን ታጥቄ በሁለት ሰው ትከሻ ቆምኩ። በሁለት ሳምንቱ በግድግዳ። በሁለት ወሩ በከዘራ እስከ ሰፈራችን ዳቦ ቤት ሄጄ ባጌት ገዛሁ፤ ዳቦ ሻጩ "የት ጠፋሽ?" ሲለኝ ሩቅ አገር ሄጄ እንደነበር ነገርኩት። መድኃኒቱ ያቅለሸልሻል፤ በስምንተኛው ወር "ድኛለሁ፣ ይብቃኝ" የሚያሰኝ ስንፍና ይመጣል። እኔም መጥቶብኝ ነበር። ልዩነቱ፣ ያን ጊዜ ለኢድሪስ ነገርኩት። "ልተወው እያሰብኩ ነው" አልኩት። አልተቆጣኝም፤ ክኒኖቹን በየጠዋቱ ከውሃ ጋር ይዞ እያመጣ እስክውጥ ድረስ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጥ ጀመር። እንደዚያ ሆኖ ዓመቱ አለቀ። አሁን ግራ እግሬ ሲደክመኝ ትንሽ ይጎተታል። ከባድ ጣቃ አላነሳም። ከዚያ ውጪ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሙሉ አፊያ ነኝ።

ፈረንሳይኛውንም አልተውኩትም። ስለራሴ የሚነገረውን በራሴ ጆሮ ለመስማት ስል፣ እግሬ እስኪጸና ድረስ ቤት ስውል፣ ከኢድሪስ ጋር በየቀኑ አጠናሁ።

የመጨረሻው ቀጠሮዬ ዕለት ኢድሪስ የተዋሰውን መኪና የሚያቆምበት ሲፈልግ እኔ ቀድሜ ገባሁ። ወረፋው ላይ አጠገቤ አንዲት ልጅ እግር ሴት ተቀምጣለች። የወሎ ልጅ ናት፤ ሀራሙስ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራለች፤ አሠሪዋ በር ላይ አድርሳት ሄዳለች። ከሦስት ወር በላይ እያሳላት ነው። ፈረንሳይኛም ሶማልኛም አትችልም። ተራዋ ሲደርስ ቀሚሴን ያዘች።

"እህቴ፣ ስለ አላህ አብረሽኝ ግቢ።"

ገባሁ። ሐኪሙ ሲያየኝ ፈገግ አለ። ፊልሟን አይቶ፣ ደረቷን አዳምጦ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። ያልገባኝን አስደገምኩት። ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ቀላል ነገር አልነበረም፤ የሷ ቲቢ የሳንባ ስለሆነ አሁኑኑ ተለይታ መተኛት አለባት፤ አንዱ ሳንባዋ ብዙ ተጎድቷል፤ ግን ገና ልጅ ስለሆነች፣ መድኃኒቱን ካላቋረጠች ተስፋዋ ትልቅ ነው። ልጅቷ የሐኪሙን አፍ፣ ከዚያ የኔን አፍ ታያለች።

"ምን አለ?" አለችኝ። "አይዞሽ ነው የሚለው?"

አዎ ማለት እንዴት እንደሚቀል ያን ጊዜ ገባኝ። ኢድሪስ በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተሸከመው ምን እንደነበር ገባኝ።

ወንበሬን ወደሷ አዞርኩና እጇን ያዝኩ።

"እሱ ያለውን አንድም ሳላስቀር እነግርሻለሁ" አልኳት። "አይዞሽ የምልሽ ግን እኔ ነኝ።"